ኮሚሽን ደመወዝ አይደለምን?

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ያያቸዋል። በየሱቁ ደጃፍ ቆመው፣ የጥበቡን ቀሚስ በክንዳቸው ዘርግተው፣ «ግቡ፣ አይታችሁ ውጡ» እያሉ አላፊ አግዳሚውን የሚለማመጡት ወጣቶች ባዕዶች አይደሉም። ትናንት ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር የተማሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በዕረፍት ወራት እዚያው የሚቆሙ የራሳችን ጓደኞች ናቸው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ባለቤቱ የቀኑን ሽያጭ ይቆጥራል፤ ለሻጭዋም ከመቶ ይህን ያህል ብሎ ያስብላታል። ያልሸጠች እንደ ሆነ ግን ቀኑን ሙሉ መቆሟ እንዳልቆመች ይቆጠራል። ይህ አከፋፈል ኮሚሽን ይባላል።

በቡና ጠረጴዛ ዙሪያ አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ኮሚሽን ነፃነት ነው፤ የተጋ ይበላል፣ የሰነፈ ይራባል፤ ከዚህ የበለጠ ፍትሕ ከወዴት ይመጣል?» ሲሉ እሰማለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእነርሱ መልስ ለመስጠት ነው። ይሁን እንጂ ያልገባንን ነገር መንቀፍም ሆነ ማወደስ የተማረ ሰው ጠባይ አይደለምና፣ አስቀድመን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት።

አንዲት ሻጭ በወር 3,000 ብር መነሻ ደመወዝና ከምትሸጠው ከመቶ 5 ኮሚሽን ተስማማች እንበል። አንዱ ቀሚስ 6,000 ብር ቢያወጣ ከእርሱ የምታገኘው 300 ብር ነው። በጥር፣ ሠርግ በሚበዛበት ወር፣ 30 ቀሚስ ብትሸጥ ኮሚሽኗ 9,000 ብር፣ ጠቅላላ ገቢዋም 12,000 ብር ይሆናል። መልካም! ነገር ግን ሑዳዴ ይገባል። በሑዳዴ ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለም የሐበሻ ቀሚስ ገዢው ይመነምናል። በዚያ ወር 4 ቀሚስ ብትሸጥ ገቢዋ 4,200 ብር ነው። በጥርም በሑዳዴም የቆመችበት ሰዓት እኩል ነው፤ የቤት ኪራይዋም እኩል ነው። ታዲያ በሁለቱ ወራት መካከል የሰነፈው ማን ነው? እርስዋ ናትን ወይስ የቀን መቁጠሪያው?

ይህም ቢሆን ከሁሉ የተሻለው ዓይነት ነው። ጭራሽ መነሻ የሌለው ኮሚሽን አለ፤ በዚህ ያልሸጠ ሰው ሣንቲም አያይም። ደግሞ ቅድሚያ የሚባል አለ። በወሩ መጀመሪያ 4,000 ብር ይሰጥሃል፤ አንተም ደመወዝ መስሎህ ትበላዋለህ። በወሩ መጨረሻ ኮሚሽንህ 1,200 ብር ከሆነ ግን 2,800 ብር ዕዳ ሆኖ ወደሚመጣው ወር ይዞርብሃል። ሠርተህ ዕዳ ገባህ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ የተወሰነ መጠን ካልሞላህ ምንም አይገባህም የሚለው ነው፤ 20 እንድትሸጥ ታዝዘህ 19 የሸጥህ እንደ ሆነ የ19ኙ ድካም ለአሠሪው ምርቃት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህም የሚከፋው ውሉ የማይናገራቸው ነገሮች ናቸው። ከመቶ 5 ማለት ከምኑ? ከሽያጩ ዋጋ ነውን ወይስ ከትርፉ? ገዢው ተከራክሮ ያስቀነሰው ከማን ድርሻ ይጎድላል? ኮሚሽኑስ የሚገባው ገዢው እሺ ባለ ጊዜ ነው ወይስ ገንዘቡ በገባ ጊዜ? ዛሬ በየአደባባዩ ወረቀት ይዘው ገና ያልተሠራ ቤት የሚሸጡትን ወጣቶች አስቡ። ገዢው የሚከፍለው ግንባታው በተራመደ ቁጥር እየከፋፈለ ነው፤ የሻጩም ኮሚሽን አብሮ ይንጠባጠባል። ሻጩ በመካከሉ ሥራውን ቢለቅ ወይም ቢባረር የቀረው ገንዘብ የማን ነው? ውሉ ካልተናገረ አሠሪው ይናገራል፤ አሠሪውም ምን እንደሚል ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልግባ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደ ሆነ ከተረጐመ በኋላ፣ ደመወዝ ናቸው ተብለው የማይቆጠሩትን ክፍያዎች ይዘረዝራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ ጉርሻና እነዚህን የመሳሰሉ አሉበት፤ ኮሚሽንም አለበት! ይህ አነጋገር ከ1156 በፊት በነበረው በ1996 ዓ.ም. አዋጅም ላይ ነበረ። ስለዚህ በሕጉ ዓይን ያቺ ልጅ በጥር ያገኘችው 12,000 ብር ሳይሆን ደመወዟ 3,000 ብር ብቻ ነው።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ የሚመስለው ካለ ሒሳቡን ይሥራ። ለአንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ በሚገባው ጊዜ የሚሰጠው የአማካይ የቀን ደመወዙ 30 እጥፍ ነው። ይህም ለልጅቱ 3,000 ብር ይሆናል፤ 9,000ው ከመዝገቡ ላይ የለም። ወላድ ለ120 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች፤ ደመወዝ የተባለው ግን መነሻው ብቻ ከሆነ የገቢዋ ሦስት አራተኛ ከምጧ ጋር ይቋረጣል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ። ከ3,000 ብር ላይ ሁለቱ ተደምረው 540 ብር ይሆናል፤ በ12,000 ብር ላይ ቢታሰብ 2,160 ብር በሆነ ነበር። ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ሕጉ ይከላከላል፤ ደመወዝ ያልሆነን ነገር ግን አሠሪው ዕቃ ተመለሰ፣ ገዢ ሸሸ እያለ እንዳሻው ልቁረጥ ቢል ምን እንለዋለን?

ጓደኞቼ፣ እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ላመልክታችሁ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከመቀጠር የሚገኝ ገቢን ሲተረጕም ደመወዝን፣ አበልን፣ ጉርሻን፣ ኮሚሽንንም በስም ጠርቶ ይጨምራል። እንግዲህ ግብር ሰብሳቢው ሲመጣ ኮሚሽን የሠራተኛ ገቢ ነው፤ ሠራተኛው የስንብት ክፍያውንና ጡረታውን ሲጠይቅ ግን ኮሚሽን ደመወዝ አይደለም! አንዱ ገንዘብ ሲወሰድበት አንድ ስም፣ ሲሰጥበት ሌላ ስም ሊኖረው እንዴት ይችላል?

መነሻ የሌለው ሻጭ ደግሞ ከዚህ የባሰ ገደል ላይ ቆሟል። በአዋጁ የሥራ ውል የሚባለው አንድ ሰው በአሠሪው አመራር ሥር ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት የተስማማ እንደ ሆነ ነው። ኮሚሽን ደመወዝ ካልሆነ፣ ከኮሚሽን በቀር ምንም የማይከፈለው ሰው ሠራተኛ ነውን? አሠሪው «አይደለም፣ በራሱ ኀላፊነት የሚነግድ ወኪል ነው» ይላል። ነገር ግን ወኪል የተባለው ልጅ ጧት በሰዓቱ ይፈርማል፤ የታዘዘውን ይለብሳል፤ የት እንደሚቆም ይነገረዋል፤ ቢቀር ይቀጣል። በትእዛዝ ጊዜ ሎሌ፣ በክፍያ ጊዜ ነጋዴ የሚሆን ሰው በየትኛው ትምህርት ቤት ነው የተማርነው?

በ1957 ዓ.ም. ከዚሁ ግቢ የወጡ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲሰለፉ የተከራከሩት ለሲሶና ለእርቦ አራሹ ነበር። ጭሰኝነትም በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። የሲሶ አራሹን በደል ማንም አይክደውም፤ ነገር ግን በረዶ የመታው አዝመራ ባለመሬቱንም ቢሆን ይነካው ነበር። የሱቁ ባለቤት ግን ምን ይነካዋል? ያልተሸጠው ቀሚስ ከመደርደሪያው ላይ አለ፤ ለፋሲካ ይሸጣል። የሻጭዋ ያልተከፈለ ቀን ግን ለፋሲካ አይከማችም። የገበያው ድርቅ በሙሉ በእርስዋ ትከሻ ላይ ተጫነ ማለት ይህ ነው።

ኮሚሽን ፈጽሞ ይጥፋ የምል የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አላለሁም። በቂ ደመወዝ ላለው ሰው በትጋቱ ላይ የሚጨመር ድርሻ መልካም ነገር ነው፤ ሕግ አውጪውም ኮሚሽንን ከደመወዝ ሲለየው ያሰበው እንዲህ ያለውን ጭማሪ ሳይሆን አይቀርም። ትናንሽ ሱቆች ሙሉ ደመወዝ የመክፈል ዐቅም የላቸውም የሚለውም ክርክር ቀላል አይደለም፤ እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ከሸማኔው ጀምሮ እስከ ባለሱቁ ድረስ ገበያ ሲቀዘቅዝ የማይጨነቅ የለም። ነገር ግን ጭንቀቱን ሁሉም ይካፈለው እንጂ ከሁሉ ደካማ በሆነው ላይ ብቻ አይውደቅ። ጭማሪ የተባለው የገቢው ሦስት እጅ፣ ደመወዝ የተባለው አንድ እጅ በሆነ ጊዜ ጭማሪው የትኛው ነው? ስሙ ይቀየር ወይም ሕጉ ይታረም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ ለመደበኛው ሥራ በየጊዜው የሚከፈል ኮሚሽን ያለፈው የ12 ወር አማካዩ ተወስዶ ለስንብት፣ ለወሊድና ለጡረታ ደመወዝ ሆኖ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝን እንዲወስን ያሰበው የደመወዝ ቦርድ ሻጮችንም ይመልከት፤ ወለል እስካልተቀመጠ ድረስ መነሻ ደመወዝ የሚባለው አሠሪው የፈቀደው ቍጥር ነውና። ሦስተኛ፣ ከመቶው ከምን እንደሚታሰብ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ዕቃ ሲመለስና ሠራተኛ ሲለቅ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ሳይሰፍር ማንም አይፈርም።

ለክቡራን መምህራኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ስለ ሽያጭ አስተዳደር ስታስተምሩን ኮሚሽን ሻጩን እንዴት እንደሚያነቃቃ ከባሕር ማዶ መጽሐፍ አንብባችሁልናል። እባካችሁ አንቀጽ 53ንም ከጎኑ አንብቡልን። የሕግ ተማሪዎችም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽሮ ሜዳ ድረስ ቢወጡና የሻጮቹን ውል፣ ውል ያለው ከተገኘ፣ አብረው ቢመለከቱ ከፈተና የበለጠ ትምህርት ያገኙ ነበር። መንገዱ ሩቅ አይደለም።

ማኅበራችን ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ አንሥቶ እንዲነጋገርበት እጠይቃለሁ። በዕረፍት ጊዜ ልትቀጠሩ ያሰባችሁ ጓደኞቼም «የተጋ ይበላል» ሲሏችሁ፣ «ባልተሸጠበት ቀንስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በወረቀት ተቀበሉ። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እንዳንሆን። ሸማኔዎቹ ጎረቤቶቻችን በየቀኑ በእጃቸው የሚያስተምሩን ነገር አለ፤ አንዱ ክር ለብቻው ይበጠሳል፣ ድር ቢያብር ግን አንበሳ ያስር።