ለወላጆች ምክር፤ ክራር ስላነሣች ልጅ

በጎንደር ከተማና በዙሪያው ባለው ደጋ አገር፥ በሠርግ ቀን ወንዱ መሰንቆ ሲመታ ሚስቱ አብራው ስታዜም ሰምተን ደስ ይለናል፤ ሸልመንም እንሸኛለን። ነገር ግን የገዛ ልጃችን ዜማ ልማር ያለች እንደ ሆነ፥ «አዝማሪ ልትሆኚ ነውን?» ብለን እንቈጣታለን። ደስ ያሰኘንን ሙያ መልሶ መናቅ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም።

ለዚህም ነገር በአዲስ አበባ የተወለዱት ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ምስክር ይሆኑናል። እናታቸውን በልጅነታቸው ስላጡ በአሳዳጊ እጅ አደጉ፤ ክራርንም በራሳቸው ትጋት ተማሩ። በዚያ ዘመን በቴአትር የሴት ልብስ ለብሶ እንደ ሴት የሚናገረው ወንድ ነበር። እርሳቸው ግን በ1945 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤቱ ቴአትር መድረክ ላይ ወጥተው፥ ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች ተዋንያን አንዷ ሆኑ። ኋላም ዛሬ ብሔራዊ በሚባለው፥ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው ቴአትር ለረዥም ጊዜ ሠሩ። ክራራቸውና ድምፃቸው በፈረንሳይ አገር በታተመው የ«ኢትዮጲክስ» ስብስብ 16ኛ ክፍል ወጥቶ በሩቅ አገር ተሰማ። ያረፉት በ2004 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጃችሁ ለመድረክ የተሰጠች ሆና ብትገኝ ስድብን አታስቀድሙ። ከማን ጋራ እንደምትሠራና ደመወዟ ምን ያህል እንደ ሆነ መርምሩ፤ ትምህርቷንም እንዳታቋርጥ ምከሩ። እናት የሌላት ልጅ ብቻዋን ከዚያ ከደረሰች፥ ወላጅ የሚደግፋትማ ምን ያህል ትደርስ ይሆን? እጇን ይዛችሁ አድርሷት እንጂ ከቤት አታባርሯት ብለን እንመክራለን።