ልጆቻችን ተጫዋቾች ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ

በማኅበረሰባችን ዘንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲነሣ ብዙ ወላጅ ፊቱን ያጠቁራል። ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ቦርሳውን ጥሎ እስከ እኩለ ሌሊት ስክሪን ላይ ተተክሎ ሲያዩት አባትና እናት ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። እኛም ጨዋታን ለማወደስ አልተነሣንም። የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህን ጨዋታ የሚሠራው ማነው? ከሚሠሩትስ መካከል የእኛ ልጆች ለምን ጥቂት ሆኑ?

በዚህ ጉዳይ እዚሁ ቤር ሼቫ በፕሮግራም ሥራ ላይ ካሉ የማኅበረሰባችን ወጣቶች ጋር ተቀምጠን ተወያይተናል። ከነገሩን ሁሉ የገረመን የጊዜው ነገር ነው። ጥሩ ጨዋታ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሥዕሉን 60 ጊዜ እንደ አዲስ ይስላል። ስለዚህ ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት ፕሮግራሙ ልጁ የትኛውን ቁልፍ እንደተጫነ ማወቅ፣ ኳሱ ግድግዳውን መንካት አለመንካቱን ማስላት፣ ድምፁን ማሰማትና ሥዕሉን መሳል አለበት። ካልደረሰለት ሥዕሉ ይንገጫገጫል፤ ልጁም ጥሎት ይሄዳል። የባንክ ፕሮግራም አንድ ሰከንድ ቢዘገይ ደንበኛው ይታገሣል፤ ተጫዋች ግን አይታገሥም።

በቁጠባም በኩል እንዲሁ ነው። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1985 ያወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሙሉው ጨዋታ 40 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማሽኑ ለሥራው የነበረው ሚሞሪ 2 ኪሎባይት ነበር። ሠሪዎቹ ታዲያ ደመናውንና ቁጥቋጦውን አንድ ሥዕል አደረጓቸው፤ ቀለሙን ብቻ ለወጡት። ከአንድ ቁና እህል ለስንት አፍ እንደሚበቃ ያሰሉ እናቶቻችን ይህን ዓይነቱን ብልሃት ያውቁታል።

ከማሽኑ ጋር በቅርበት የሚነጋገሩበት ቋንቋ አሴምብሊ ይባላል። በዕብራይስጥ «ስፋት ሳፍ» ይሉታል፤ የደፍ ቋንቋ እንደ ማለት ነው። ደፍ ላይ የቆመ ሰው የቤቱን ውስጥም ደጁንም ያያል። ወጣቶቹ ይህን ሲያስረዱን ወደ ሐሳባችን የመጣው የአባቶቻችን ሥራ ነው። በጎንደር፣ በወገራና በስሜን አባቶቻችን በወናፍ እያናፉ ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ሠሩ፤ እናቶቻችን ሸክላ ሠሩ። ጎረቤቱ በማረሻው አርሶ እየበላ ሠሪውን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያለ ሰደበው። ቀጥቃጩ ብረቱ ለመዶሻ መድረሱን በቀለሙ ያውቃል፤ ገዢው የሚያውቀው ማረሻው መሰበሩን ብቻ ነው። ዛሬ ማሽኑን ከሥሩ የሚያውቅ ባለ እጅ የሚከበርበትና ጥሩ የሚከፈልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። የባለ እጅ ልጆች በዚህ ዘመን ገዢ ብቻ ሆነው ቢቀሩ ያሳዝናል።

ጨዋታስ ቢሆን ለእኛ መቼ ባዕድ ሆነ? ገበጣ የአገር ቤት ጨዋታ ነው። በ2002 በአምስተርዳም ፍራይ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሮሜይንና ሄንሪ ባል የተባሉ ተመራማሪዎች የገበጣን ወንድም፣ የምዕራብ አፍሪካውን አዋሪ፣ በኮምፒዩተር እስከ መጨረሻው ፈቱት። ሊኖሩ የሚችሉት አቀማመጦች 889,063,398,406 ሆኑ፤ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ ጨዋታው በእኩል ያልቃል። ለአንዱ አቀማመጥ አንድ ባይት ብቻ ቢመደብ እንኳ 889 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። በዚያ ዘመን ይህ ከባድ ሸክም ነበርና እያንዳንዷ ቢት ዋጋ ነበራት። በአዲስ አበባም ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ» የተባለ ጨዋታም ሠርቷል።

ከጨዋታ ወጥተን ይህን የምታነቡትን ፊደል እንመልከት። አንድ ባይት 256 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ ግማሹን የላቲን ፊደልና ምልክቶቹ ቀድመው ይዘውታል። የዕብራይስጥ 22 ፊደላትና 5ቱ የመጨረሻ ቅርጾች በቀሪው ቦታ በሰላም ገቡ። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ ግን 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏ፣ እነ ቋ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ በ1990ዎቹ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱን ሠንጠረዥ አወጣ፤ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ዝባዝንኬ ሆነ። ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው ዩኒኮድ በ1999 በ3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል 384 ቦታ ያለው መደብ ሲከፍት ነው። ለዚህ ከደከሙት መካከል ኮምፒዩተርን ከሥሩ የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። የሚያውቅ ወገን በሌለበት ጠረጴዛ ላይ የእኛ ጉዳይ አይነሣም።

ወደ ከተማችን እንመለስ። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ገቡ። በዚያን ዘመን ብዙዎች እዚህ በናሐል ቤቃዕ የካራቫን ሰፈር ኖረዋል። የዚያን ጊዜ ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸው። በ2013 ደግሞ ከቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ጎን የጋቭ ያም የቴክኖሎጂ ፓርክ ተከፈተ። ከሰፈሮቻችን እስከ ፓርኩ ያለው መንገድ በአውቶቡስ አጭር ነው፤ በትምህርት ቤት በኩል ግን ረጅም ነው።

የሚረዝመውም በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ነው። ልጁ በሒሳብ ዝቅተኛው ሃክባጻ ውስጥ ሲመደብ፣ በባግሩት 5 የሂዶት የመያዝ ዕድሉ ከዚያው ይጠብባል። መምህራንን በማሠልጠን ሥራችን ደጋግመን የምንሰማው ቃል «ጨዋ ልጅ ነው፤ አይክበደው» የሚል ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ሳይንስ መማር እፈልጋለሁ ያለች ልጃችን «የቢሮ ፕሮግራሞች ኮርስ ይበቃሻል» ተብላለች። ይህ ርኅራኄ መስሎ የሚመጣ በር መዝጊያ ነው። ሌላው የሠራውን መጠቀም መማር አንድ ነገር ነው፤ መሥራት መማር ሌላ ነው። ልጆቻችን ወደ መጀመሪያው ብቻ ሲመሩ ዝም ልንል አይገባም።

አንዳንዶች «ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሙን ይጽፈው የለም ወይ? ልጁ ለምን ይድከም?» ይሉናል። ይህንኑ ለወጣቶቹ አቅርበንላቸው ነበር። እነርሱም «ማሽኑ የጻፈው ሲበላሽ ወይም ሲንቀራፈፍ ስህተቱን የሚያገኘው ከሥር ያለውን የሚያውቅ ነው» አሉን። እኛም በዚህ እንስማማለን። አስተርጓሚ ስለበዛ ዕብራይስጥ አንማርም ያለ ወላጅ የለም፤ አስተርጓሚው ሲሳሳት ማን እንደሚጎዳ በየቢሮው አይተናልና።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ወላጆች ሆይ፤ በዮም ሆሪም ቀን ስለ ጠባይ ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ። ልጃችን በየትኛው ሃክባጻ ነው? ለምን? ከፍ ለማለት ምን ይጎድለዋል? ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ልጁ ሲጫወትም ከመቆጣት በፊት «ይህ እንዴት ተሠራ?» በሉት። በ2007 የወጣው ስክራች የተባለው የልጆች የፕሮግራም መማሪያ በነጻ ነው፤ በዕብራይስጥም በአማርኛም ይሠራል፤ እናትና ልጅ አብረው ሊቀመጡበት ይችላሉ። ለፔሪፌሪያ ወጣቶች የተቋቋመው መግሺሚም ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያስተምራል፤ ስለ ምዝገባውና ስለ ፈተናው መጠየቅ ያለበት ግን 9ኛ ክፍል ሳያልቅ ነው። ከሠራዊት ለወጡት ደግሞ የማኅበረሰባችን ልጆች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋሙት ቴክ ካሪየር አለ።

መምህራን ሆይ፤ ከልጁ የምትጠብቁትን ከፍ አድርጉ። ማዘጋጃ ቤቱንና የየሰፈሩን ማትናስ ደግሞ የምንጠይቀው ግልጽ ነው፦ በሳምንት ሁለት ምሽት ክፍት የሆነ የኮምፒዩተር ክፍልና ከማኅበረሰባችን የሆነ አንድ የፕሮግራም አስተማሪ። ይህ ከባድ ወጪ አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አንድ ወላጅ ብቻውን ሲጠይቅ ደብዳቤው ከመሳቢያ ይቀራል፤ ሃምሳ ወላጅ አብሮ ሲቆም ግን መልስ ይገኛል። የሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ሳይከፈት አብረን እንቁም።