ጀልባው ኮልቾ የሚደርሰው በፍሬን ነው

የዛሬው ርዕሰ ጉዳይ ሲሰሙት ተራ የጋራዥ ወሬ ይመስላል፤ ስለ ጀልባ ተሳቢ ፍሬን ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ጉዳዩ የሰው ሕይወት ነው።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ዳሰነችን ሲያጥለቀልቅ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በውኃ ተከበው ሄሊኮፕተርና የሞተር ጀልባ ጠበቁ። በቅርብ ዓመታትም የኦሞ መሙላትና የቱርካና ሐይቅ መስፋፋት ብዙ የዳሰነች ቤተሰቦችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

ከዚያ ወደ ላይ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ገደል አናት ላይ፣ የካራዎች መንደር ኮልቾ አለች። መንደሯ ከፍታ ላይ ብትሆንም እርሻው ታች ወንዙ ዳር ነው። ካራዎች ከጥንት ጀምሮ ማሽላቸውን ይዘሩ የነበረው ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ነበር። ደግሞ ኦሞን የሚሞላው የኮልቾ ዝናብ ሳይሆን የደጋው ክረምት ነው። በኮልቾ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ውኃው ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ለመዘጋጀት ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ስለ ጎርፍ ዝግጅት ሲነገር የምንሰማው የጀልባ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ተገዛ፣ ይህን ያህል ተለገሰ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ጀልባው ከመጋዘን ወንዙ ድረስ በምን ይሄዳል? ትንሽ ከሆነች አይሱዙ ላይ ትጫናለች። ከነሞተሩ የከበደ ጀልባ ግን ከጭነት መኪና ላይ ወርዶ ወንዝ እስኪገባ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ የሚያስፈልገው ተሳቢ ነው። ከጂንካ በቀይ አፈርና በቱርሚ አድርጎ እስከ ኮልቾ ሥር ያለው መንገድ ደግሞ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ጀልባ የጫነ ተሳቢ ፍሬኑ ካልያዘ መኪናውን ከኋላ እየገፋ ገደል ይከተዋል። «ፍሬን በጥሶ» የምትለዋን ዜና ሁላችንም እናውቃታለን።

የብዙ ጀልባ ተሳቢዎች ፍሬን አሠራር ቀላል ነው። ሾፌሩ መኪናውን ሲያቀዘቅዝ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፤ ያ ግፊት መንጠቆው ላይ ያለውን የፍሬን ፖምፓ ይጫናል፤ ዘይቱም በቱቦ ሄዶ የተሳቢውን ጎማዎች ያስይዛል። ችግሩ ሾፌሩ የተሳቢውን ፍሬን በእግሩ አያውቀውም። የመኪናው ፔዳል ጤነኛ ሆኖ የተሳቢው ፍሬን ግን ከሞተ ሰንብቶ ሊሆን ይችላል።

የጀልባ ተሳቢ ከእህል ተሳቢ የሚለየው ደግሞ ጎማው ውኃ ውስጥ መግባቱ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑና ኩሽኔታው ይግላሉ። እንደጋለ ወንዝ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ድንገት ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፤ ውኃና ደለል በዘይት መከላከያው ጎማ በኩል ይስባል። ግራሶው ወተት ይመስላል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። ታጥቦ ሳይደርቅ ለወራት ከቆመ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይጣበቃል። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲገባው ግን መመዘኛው ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ በቁልቁለት ላይ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ፍሬን አያስይዝም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወንዝ ከመግባቱ በፊት ጎማው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፤ ሰው እየሰመጠ መጠበቅ ካልተቻለም ከሥራው በኋላ ኩሽኔታውን መፍታት። ከወንዝ ሲወጣ በንጹሕ ውኃ ማጠብ። ለረጅም ጊዜ ሲቆም የእጅ ፍሬን ይዞ ከመተው ጎማውን በታኮ መደገፍ። የፍሬን ዘይቱን በየዓመቱ ወይም በሁለት ዓመት መቀየር። ከክረምት በፊት ጀልባውን ጭኖ የሙከራ ጉዞ ማድረግ። መኪናው ሲቆም እጅን ወደ ጎማው መሐል በጥንቃቄ ማስጠጋት፦ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ ተጣብቋል ወይም ኩሽኔታው ተበላሽቷል፤ ሌሎቹ ሞቀው አንዱ ከቀዘቀዘ ግን ያ ፍሬን አይሠራም ማለት ነው።

«ታዲያ ጀልባውን ወንዙ ዳር ለምን አናስቀምጠውም?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ኦሞ ረጅም ወንዝ ነው፤ የዘንድሮው ጎርፍ የት እንደሚከፋ አስቀድሞ የሚነግረን የለም። ካራ ዘንድ የቆመ ጀልባ ኦሞራቴ ሲፈለግ መነሣት መቻል አለበት።

«አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት ስለ ኩሽኔታ ታወራለህ?» የሚልም አይጠፋም። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ትልልቅ ችግሮቻችን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከእንደዚህ ዓይነት ትንንሽ ነገሮች ነው። መግዛት እንወዳለን፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ጥገና ግን ፎቶ የለውም። ስለዚህ ለጀልባ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ሲመደብ ለግራሶና ለፍሬን ሸራ የሚሆን ይረሳል።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጀልባ የሚገዛም ሆነ የሚለግስ አካል ለተሳቢው መለዋወጫና ለዓመታዊ ጥገና የሚሆን ገንዘብ አብሮ ይመድብ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተሳቢ በስሙ የሚጠየቅ አንድ ሰውና የጥገና መዝገብ ይኑረው። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ተጎትቶ ይፈተሽ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። ባለሥልጣን «ስንት ጀልባ አለን» ሲለን እኛም «ስንቱ ዛሬ መንቀሳቀስ ይችላል?» እንበለው።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። የኦሞ ውኃ ከደጋ ተነሥቶ ሲመጣ የተሳቢ ፍሬን የሚፈታበት ጊዜ የለም። የሚፈታውም የሚታሰረውም ከወዲሁ ነው።