ጳጉሜን የት ትግባ?

«አዋሽ አርባ» ሲባል ብዙው የከተማ አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው የጦር ካምፑን ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ ፖለቲከኞችና ጋዜጠኞች ወደዚያ ተወስደው መታሰራቸው በሰፊው ተዘግቧል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም እሥረኞቹን በቦታው ተገኝቶ ጎብኝቷል። እኔ ወደ ከተማዋ የሄድሁት በገዛ ፈቃዴ፣ ለዘመድ ጉዳይ ነበር። ሦስት ቀን አልጋ ይዤ ተቀመጥሁ። በግንቦት የዚያ አገር ፀሐይ ከረፋድ እስከ ማምሻ ሰው ከቤት አታስወጣም፤ በዋናው መንገድ ወደ ጅቡቲ ከሚወርዱትና ከዚያ ከሚመጡት ከባድ መኪኖች በስተቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሥራ የፈታ ሰው የማያደርገው የለምና፣ ለዓመታት ሳስተላልፈው የቆየሁትን ነገር ጀመርሁ። ስርዓተ ክወና፣ በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለውን፣ ከባዶ ዲስክ ተነሥቼ፣ ለእኔ በሚበቃኝ መጠን ብቻ፣ ከምንጭ ኮዱ መገንባት። «ይህ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ።

ጄራርድ ቢክማንስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው «ሊኑክስ ፍሮም ስክራች» የተሰኘ መመሪያ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ያስተምራል። ማንም ሊያነበው በሚችል ምንጭ ኮድ የተቀመጡ ሰማንያ ያህል የፕሮግራም ጥቅሎች አሉ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ የሚሠራው ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ነው፤ በዚያ ኮምፓይለር ደግሞ ሌላ ኮምፓይለር ይሠራል። የመጀመሪያው ማሟሻ ነው ማለት ነው፤ አሮጌው ስርዓት በአዲሱ ላይ አሻራውን እንዳይተው ተብሎ የሚጋገር፣ ለሰው የማይቀርብ እንጀራ። መመሪያው የሥራውን ርዝመት በሰዓት አይናገርም። የመጀመሪያውን ጥቅል ለመገንባት የራስህ ማሽን የፈጀው ጊዜ «አንድ» ይባልና የቀረው ሁሉ በእርሱ ይሰፈራል። ይህን እጅግ ወደድሁት፤ የራሱ የሰዓት አቆጣጠር ላለው ሕዝብ የተጻፈ ይመስላል። የእኔ ላፕቶፕ አሮጌ ነውና አንዱ «አንድ» ረዘመ። ከሙቀቱ የተነሣ እንደ ምድጃ ሲግል በስተጀርባው ቀዝቃዛ ሃይላንድ አስደገፍሁለት። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሲመለስ ግንባታው ካቆመበት ቀጠለ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሲ ቤተ መጻሕፍት ደረስሁ። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚንተራሱት ይህ ጥቅል በውስጡ የዓለም ቋንቋዎችን ልማድ የያዙ ትንንሽ ፋይሎች አሉት፤ የቀናትና የወራት ስም፣ የገንዘብ ምልክት፣ የፊደል ቅደም ተከተል። የትኞቹን እንደምትጭን ምረጥ ይልሃል። ዝርዝሩን ስወርድ ከላይ፣ ገና ከመጀመሪያዎቹ ተርታ፣ የአፋርኛ ፋይል ተቀምጧል፤ የኢትዮጵያው፣ የጅቡቲው፣ የኤርትራው፣ እንዲሁም የሳሆው። ዝቅ ብሎ አማርኛ፣ ግዕዝ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሶማልኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ። እነዚህን በብዛት ያበረከተው ዳንኤል ያዕቆብ የደከመበት፣ በአሜሪካ የሚገኘው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው ሥራ ነው። ሊኑክስ ከተጫነባቸው ብዙ አገልጋይ ኮምፒውተሮች ጋር ሲሄድ ኖሯል፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት አዋሽ አርባ ላይ፣ ላቤን እየጠረግሁ ነው።

የአማርኛውን ፋይል ከፈትሁ። ወራቱ በእኛው ፊደል ተጽፈዋል፤ ስማቸው ግን ማርች፣ ኤፕሪል፣ ኦገስት ነው። ተቆጣሁና ቆይቼ አፈርሁ፤ ጸሐፊዎቹ ልክ ናቸው። ማሽኑ የሚቆጥረው የጎርጎርዮስን ቀን ስለሆነ ኦገስትን «ነሐሴ» ብለው ቢጽፉት ኖሮ ያታልሉን ነበር። ችግሩ ከዚያ በታች ነው። የወራት ስም የሚቀመጥበት ሣጥን አሥራ ሁለት ክፍል ብቻ አለው። በሲ ቋንቋ ወር ከዜሮ እስከ አሥራ አንድ ይቆጠራል፤ አለቀ። ጳጉሜን የት ትግባ? ክፋት የለበትም፤ መሠረቱ ሲጣል አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው ሰው በቦታው አልነበረም። ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ የኢትዮጵያን ቀን ለብቻው አስልቶ ይሰጣል፤ ያም ቢሆን በጎን የተቀጠለ ጓዳ እንጂ ምሰሶው አይደለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይም ማሽኔ ሰባት ነው ይለኛል።

የአፋርኛው ፋይል በአንጻሩ በላቲን ፊደል የራሱን ስሞች ደርድሯል። ጃንዩወሪ ትንሹ ጋራብሉ፣ ዲሴምበር ትልቁ ጋራብሉ፤ በመካከል ዓሳ ዲሪና ዓዶ ዲሪ፣ ቀዩና ነጩ። የቤቱ ባለቤት ልጅ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ሻይ ይዞ ገብቶ ከትከሻዬ በላይ አነበበና ትሪውን መሬት አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የኛ ቋንቋ ነው። ማን ነው የጻፈው?»

የማውቀውን ነገርሁት።

«ስሕተት ቢኖርበትስ ማረም ይቻላል?»

ይቻላል አልሁት። ፋይሉ ተከፍቶ ይነበባል፤ አርሞ ለጠባቂዎቹ የሚልክ ማንም ሰው ነው፤ ክርክርም ካለ በአደባባይ ነው። እንዲህ ያለ መልስ ከየትኛው መሥሪያ ቤት መስኮት ሰምቶ ያውቃል? እኔም አልሰማሁም።

ፖለቲካው እዚህ ላይ ነው። በማናነበው ነገር ውስጥ ምን እንደሚኖር ይህች አገር በደንብ ታውቃለች። የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 የግንቦት 7 አመራሮችን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የተባለ ስለላ ፕሮግራም አጋለጠ። በ2014 የሃኪንግ ቲም ሥራ በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ ተገኘ። በ2017 ደግሞ የሳይበርቢት ፕሮግራም የፍላሽ ማሻሻያ መስሎ በውጭ ወደሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተላከ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በሽብር ሲከሰሱም «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለውን ማንም የሚያገኘውን የኮምፒውተር ደኅንነት መመሪያ መሠልጠናቸው በክሱ ተጠቅሷል። መሣሪያውን መረዳት ራሱ ወንጀል ሆኖ ቀረበ።

ከምንጭ ኮድ የገነባ ሰው አይጠለፍም አልልም፤ የተላከለትን አባሪ ከከፈተ እኩል ነው። ኬን ቶምፕሰንም እ.ኤ.አ. በ1984 የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ የከፋውን አሳይቷል፤ ምንጩ ንጹሕ ሆኖ ኮምፓይለሩ ተንኮል ሊሸከም ይችላል። ይሁን እንጂ ይህን ሥጋት ሊመዝን የሚችለው ግንባታውን አንድ ጊዜ በእጁ ያለፈበት ሰው ነው። ሚሊዮኖች የተመዘገቡበት የፋይዳ መታወቂያ የቆመው በሕንድ ባንጋሎር በተሠራው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ላይ ነው። ቴሌብር ደግሞ በሁዋዌ መድረክ ላይ። ሁለተኛውን ልናነብ አልተፈቀደልንም። የመጀመሪያው ተፈቅዷል፤ ከመንግሥት ቢሮ ውጭ ሆኖ አንብቦ የሚሞግት ስንት ሰው አለን?

ስመለስ አውቶቡሱ በወለንጪቲ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚህች ከተማ አካባቢና በወንጪ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም ታብሌት በታሸገ ካርቶን አስቀምጦ፣ በአምስት ወር አንድሮይድን «ሰብረው» የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱ ብሎ ለዓለም አወራ። ልጆቹ ብልሆች ለመሆናቸው ምስክር አያስፈልገኝም። ነገር ግን ሌላ ሰው የቆለፈውን መክፈታቸው ተአምር ተብሎ ተጨበጨበ፤ መቆለፊያው እንዴት እንደሚሠራ ሊያስተምራቸው የመጣ የለም።

ይህን ጽሑፍ አንድ ባለሥልጣን አንብቦ «ሀገር በቀል ስርዓተ ክወና» የሚል ፕሮጀክት እንዳይመሠርትብኝ እሰጋለሁ፤ ሪባን፣ አርማ፣ የስም ውድድር። ሰሜን ኮሪያ በሊኑክስ ላይ የራሷን «ቀይ ኮከብ» ሠርታለች፤ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመረምሩት በተጠቃሚው ፋይሎች ላይ ከየትኛው ማሽን እንዳለፉ የሚያሳይ ድብቅ ምልክት ሲያትም አገኙት። እንዲህ ያለውን ሀገር በቀልነት አንሻም። የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። ሰመራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላው የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል እያንዳንዱን ተማሪ ከመመረቁ በፊት በአንድ ሴሚስተር አንዲት ትንሽ ስርዓት ከምንጯ ያስገንባው። በጀት አይጠይቅም፤ ጥቅሎቹ ሁሉ በአንዲት ፍላሽ ይገባሉ፤ በየዕለቱ ኢንተርኔት አያስፈልግም። የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ላጣም ጳጉሜን አለችለት።

ፍላሼን ለልጁ ትቼለት መጣሁ። የአፋርኛው ፋይል የትኛው ማኅደር ውስጥ እንደሚገኝ፣ እርማት ወዴት እንደሚላክም በወረቀት ጽፌለታለሁ። ኮምፒውተር ግን የለውም።