የዋልያዎቹ ድካም ከእግር ነው ወይስ ከቤት?

ኢትዮጵያውያን በተሰባሰቡበት ሁሉ ቡናው ተጠጥቶ ወሬው ወደ ኳስ ሲዞር፣ ስለ ብሔራዊ ቡድኑ የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «ልጆቹ ጥበበኞች ናቸው፤ ዕድል አልቀናቸውም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ቁመት የለ፣ ጉልበት የለ፤ ከምዕራብ አፍሪካ ጋር በምናቸው ይግጠሙ!» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱ ወገኖች ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ቢያድሩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ማንንም ተጠያቂ አለማድረጋቸው ነው። ዕድልንም ሆነ ቁመትን አስተካክል ተብሎ የሚጠየቅ ሹም የለምና።

ቡድን ግን እንደ ማንኛውም ሥራ በመዝገብ ሊመረመር ይችላል። ምን አለው? ምን ይጎድለዋል? የጎደለውስ ከማን እጅ ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅጡ ሳይመልሱ ማመስገንም ሆነ መራገም ፋይዳ የለውም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መዝገቡ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ በ1982 ሊቢያ ላይ ከተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ በኋላ ወደ ውድድሩ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። በ2012 ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 ስታሸንፍ ያቺ ሦስት ጎል ከንቱ አልቀረችም፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ተደርጎ፣ በድምር 5 ለ 5 ሲሆን ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ዋልያዎቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ አለፉ። ቀጥሎ ያለፉት ጃንዋሪ 2022 ካሜሩን ላይ ለተደረገው ውድድር ነው። በእነዚህ ሁለት ውድድሮች ስድስት ጨዋታ አድርገው ሁለቱን አቻ ወጥተዋል፤ አራቱን ተሸንፈዋል። ሦስት ጎል አግብተው አሥራ ሦስት ተቆጥሮባቸዋል። ከስድስቱ ጨዋታዎች በሦስቱ ቀይ ካርድ አይተዋል። እንግዲህ ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

መሐል ሜዳው

የቡድኑ ትልቁ ሀብት መሐል ሜዳው ነው። በጠባብ ሠፈር በጨርቅ ኳስ ያደገ ልጅ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ አይደነግጥም። አጭር ቅብብል፣ ፈጣን መዞር፣ በሁለትና በሦስት ሰው መሐል ሾልኮ መውጣት፣ ይህ ሁሉ ማንም ከውጭ መጥቶ ያላስተማራቸው ነው። ሽመልስ በቀለ ግብፅ ውስጥ ለዓመታት ተከፍሎት የተጫወተው በዚሁ ችሎታው ነው።

«ቁመት የለም» ለሚለው ወገን ጁን 9 ቀን 2022 ሊሎንጉዌ ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ግብፅ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳ በፍጹም ቅጣት ምት ብቻ ዋንጫ ያጣች አገር ናት። ዋልያዎቹ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ከዕረፍት በፊት ጨዋታውን ጨርሰው 2 ለ 0 አሸነፏት። በእርግጥ ሞሐመድ ሳላህ በዚያ ቀን አልተሰለፈም። ቢሆንም ግብፃውያኑ የተሸነፉት በቁመት በሚበልጧቸው ሰዎች አልነበረም፤ ኳሱን ስላላገኙት ነው። ስለሆነም ቁመት ሰበብ ሊሆን አይችልም። ሰበብ ከሆነም የሚሆነው ኳሷ ከመሬት ስትነሣ ነው፤ ይህም ወደ ድካሙ ይወስደናል።

በሩና ተከላካዩ

ደካማው ክፍል የኋላው ነው። በካሜሩኑ ውድድር ኬፕ ቨርዴ ያሸነፈችው በጭንቅላት በተገጨች አንዲት ጎል ነበር። ከካሜሩን ጋር ደግሞ ዳዋ ሆቴሳ ገና በአራተኛው ደቂቃ ቀዳሚ ቢያደርጋቸውም፣ አቻ ያደረገችው ጎል የገባችው ከክንፍ በተሻገረ ኳስ ነው፤ ጨዋታውም 4 ለ 1 አለቀ። ከክንፍ የሚሻገር ኳስ ቁመት ብቻ አይጠይቅም። ማን ማንን እንደሚይዝ፣ በረኛው መቼ እንደሚወጣ፣ ኳሱ ገና ሳይሻገር ክንፉን ማን እንደሚዘጋ ደጋግሞ መለማመድን ይጠይቃል። ይህ ደግሞ ለጨዋታ ሁለት ሳምንት ሲቀር በሚጠራ ካምፕ አይገኝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በረኛን በተመለከተ በ2013 የሆነው ብዙ ይናገራል። ከዛምቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ግብ ጠባቂው ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ሌላው ግብ ጠባቂ ወጣ፤ ሁለቱም የናይጄሪያ ጎሎች ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የተገኙ ፍጹም ቅጣት ምቶች ነበሩ። በሦስት ጨዋታ ሁለት በረኛ በቀይ ሲወጣ ነገሩ የሁለት ሰዎች ጥፋት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በረኛ የሚወጣውና የሚጠልፈው ተከላካዩ ሲያመልጠው ነው፤ በትክክል መቼ መውጣት እንዳለበት የሚያስተምረው ሲያጣም ነው። ለመሆኑ በአገሪቱ ታላቅ ክለብ በቅዱስ ጊዮርጊስ በር ላይ ለዓመታት የቆመው ማን ነበር? ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ። ክለቡ ለዋንጫ የሚያበቃውን መቅጠሩ አያስወቅሰውም። ነገር ግን ክለቦች በር የሚዘጋላቸውን ከውጭ እያመጡ፣ ብሔራዊ ቡድኑ በረኛ ከየት እንዲያገኝ ይጠበቃል?

ፊት ያለው

አጥቂ በተናጠል አልጠፋም። ሳላዲን ሰዒድ ግብፅና ቤልጂየም ተጫውቷል፤ ጌታነህ ከበደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። አቡበከር ናስር በ2020/21 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ በ2022ም ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛውሯል። ችግሩ ቡድኑ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ያ ሰው ሲጎዳ ወይም ሲያረጅ ቀጣዩ ገና አልተዘጋጀም። በስድስቱ የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታዎች ከተገኙት ሦስት ጎሎች አንዷ የፍጹም ቅጣት ምት መሆኗን ማስተዋል ይገባል። መሐል ሜዳው ስምንት ጊዜ ተቀባብሎ የሚያመጣውን ኳስ በአንድ ምት የሚጨርሰው ከተጎዳ፣ ቅብብሉ ለዓይን ማረፊያ ብቻ ይሆናል።

ከጠረጴዛው ጀርባ

እስካሁን የተነገረው ተጫዋቹን የሚመለከት ነው። ተጫዋች ያልሆነው ክፍል ግን ከበረኛውም ይልቅ ጎል ያስቆጠረ ነው። ለ2014 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲደረግ ዋልያዎቹ በጁን 2013 ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ይሁን እንጂ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ስለተሰለፈ ድሉ ተሰርዞ 3 ለ 0 እንደተሸነፉ ተቆጠረ። ሁለት ቢጫ መቁጠር ቁመትም ጉልበትም አይጠይቅም። ልጆቹ በኋላ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈው ባያልፉ ኖሮ ያ የጽሕፈት ቤት ስሕተት ታሪካዊውን የናይጄሪያ ግጥሚያ ያስቀር ነበር።

ሁለተኛው የጠረጴዛ በሽታ አሠልጣኝ መለዋወጥ ነው። ሰውነት ቢሻው በ2014 ከተነሡ ወዲህ እስከ 2023 ድረስ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረ መድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱና ውበቱ አባተ ተፈራርቀዋል። ስድስት ሰው በዘጠኝ ዓመት! አንዱ የተከለውን ሌላው ሲነቅል፣ ተጫዋቹ የማንን ትምህርት ይያዝ?

ሦስተኛውና የሁሉም የበላይ ግን የሜዳ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በ1957 ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ካፍን የመሠረተች አገር ናት። በ1962፣ በ1968ና በ1976 የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅታለች። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 ድረስ የአህጉሩን እግር ኳስ መርተዋል። ያቺው አገር ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ካፍ የሚቀበለው ሜዳ አጥታ፣ ጋናን በጆሃንስበርግ፣ ግብፅን በሊሎንጉዌ «በሜዳዋ» አስተናገደች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ከ60,000 በላይ ሰው ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ በ2016 ቢጀመርም በታሰበለት ጊዜ አላለቀም። በ2023 ደግሞ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የ2027ን የአፍሪካ ዋንጫ በጋራ እንዲያዘጋጁ ሲመረጡ፣ ከሦስቱም ቀድማ ያዘጋጀችው ኢትዮጵያ ከዳር ቆማ አየች።

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በ2012 ሱዳን፣ በ2013 ደቡብ አፍሪካ የተሸነፉት በዚያው አየርና በዚያው የካምቦሎጆ ጩኸት ውስጥ ነው። ቡድኑ ከነበሩት መሣሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነበር። ያንን የነጠቀው ባላጋራ ሳይሆን የገዛ ቤቱ ነው።

የ1962ቱ ምሥጢር

በ1962 ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅንም በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈው ቡድን ሲነሣ ብዙ ሰው በትዝታ ብቻ ይተክዛል። ከትዝታው ይልቅ አሠራሩ ይጠቅማል። ያ ቡድን ሰውን የፈለገው ከየትም ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ከአሥመራ ተገኙ፤ መንግሥቱ ወርቁ ከቅዱስ ጊዮርጊስ መጣ። ጥያቄው «ማን ይችላል?» የሚል ነበር።

ዛሬ ያው ጥያቄ ከድንበር ውጭም መጠየቅ ይኖርበታል። ሞሮኮ በ2022 የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ከ26 ተጫዋቾቿ 14ቱ የተወለዱት ውጭ አገር ነው። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የሆነው ኬፕ ቨርዴ ልጆቿን ከሆላንድና ከፖርቱጋል ሰብስባ በ2025 ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ደብሊን የተወለደው ተከላካይዋ ሮቤርቶ ሎፔዝ የተገኘው አሠልጣኙ በሊንክድኢን በጻፉለት መልእክት ነበር። አንድ አሠልጣኝ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ስለጻፈ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ በኩልስ? በ2013 ሚኒሶታ ያደገው ፉአድ ኢብራሂምና ከስዊድን የመጣው ዩሱፍ ሳላህ ተጠርተው ነበር፤ መንገዱ ግን ጥርጊያ ሆኖ አልቀረም። በበርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ጌድዮን ዘላለም ለአሜሪካ ወጣቶች ቡድን፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ደግሞ ለቼክ ተሰልፈዋል። ልጆቹ አይወቀሱም። ፊፋ ለአገር የሚሰለፍ ሰው የዚያ አገር ዜጋ እንዲሆን ያዛል። በ2003 የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ግን ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። ውጭ ተወልዶ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅም፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ካልተወ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ቪዛ ያስቀራል እንጂ ማልያ አያስለብስም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ለአንድ ማልያ ሲል የስዊድን ወይም የአሜሪካ ፓስፖርቱን ይጣል ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከውጭ የሚመጡ ልጆች ግን ተአምር አይሠሩም። የ2013ቱ ሁለት ልጆች ውጤቱን አልለወጡትም፤ በረኛና የልምምድ ሜዳ ከሌለ ሃያም ቢመጡ አይለውጡትም። የቤቱ ሥራ በቤት መሠራት አለበት።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በውጭ ያለው ማኅበረሰብ ከማጨብጨብና ከማማረር በላይ የሚሠራው አለው። ከ1984 ጀምሮ የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይሰበስባል፤ አውሮፓም የራሱ ውድድር አለው። በእነዚህ መድረኮች ዳር ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስም፣ የሚጫወቱበት ክለብና ቦታ ተመዝግቦ በየዓመቱ ለአገር ቤቱ ፌዴሬሽን ቢላክ ወጪው የወረቀት ነው። ከኮንሰርቱ ትርፍ ጥቂቱ ተቀንሶ አንድ የበረኛ አሠልጣኝ ለክረምት ወደ አገር ቤት ቢላክ፣ ከመቶ ማልያ ይበልጣል። የዜግነቱን አዋጅ በተመለከተ ደግሞ አምባሳደር በመጣ ቁጥር ፎቶ ከመነሣት በፊት አንድ ጥያቄ ማንሣት ይቻላል፤ «ይህ አዋጅ ለስፖርተኛ ልጆች ሲባል የማይሻሻለው ለምንድን ነው?» ብሎ።

ፌዴሬሽኑም በበኩሉ ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባል፤ አሠልጣኝ ሲቀጥር ቢያንስ አንድ ሙሉ የማጣሪያ ዘመን እንዲታገሠው፣ እያንዳንዱ ትልቅ ክለብ ወጣት ኢትዮጵያዊ በረኛ እንዲያሳድግ እንዲያስገድድ፣ የሜዳው ሥራ የት እንደደረሰና ምን እንደቀረው በየጊዜው ለሕዝብ እንዲያስታውቅ።

የዋልያዎቹ እግር ግብፅን አሸንፏል። በዚያ ቀን ግን በሊሎንጉዌ የነበረው ደጋፊ የማላዊ እንግዳ እንጂ የአዲስ አበባ ሕዝብ አልነበረም፤ ጎሎቹም ከአገራቸው ርቀው ገቡ። ከዚህ በኋላ «ልጆቹ አይችሉም» የሚል ሰው ሲነሣ መልሱ አጭር ነው። ልጆቹ ችለዋል፤ ቤቱ ነው ገና ያልቻለው።