የአርሲ ስንቅ በአውሮፕላን በር ላይ

ከአሰላ፣ ከበቆጂና ከአካባቢያቸው ወደ ባሕር ማዶ ለሚጓዝ የቤተሰብ አባል ስንቅ ማዘጋጀት በአርሲ ደጋ የቆየ ልማድ ነው። ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ በሶውም በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ጭኮ ይሠራል። ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ንጥር ቅቤም ይታከሉበታል።

ጭኮ ሳይበላሽ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የመንገደኛ ምግብ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ለእግርና ለበቅሎ ጉዞ የተመቸው ይህ ስንቅ በአየር ጉዞ ላይ ሁለት ልዩ ልዩ ሕጎች ይጠብቁታል። ብዙ መንገደኞች ሁለቱን አንድ አድርገው በማየታቸው የደከሙበትን ምግብ ያጣሉ።

የመጀመሪያው የበረራ ደኅንነት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ከብሪታንያ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚበሩ አውሮፕላኖችን በፈሳሽ ፈንጂ ለማጋየት የተጠነሰሰው ሴራ ከከሸፈ በኋላ፣ በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር መያዣ እንዲወሰን በብዙ አገሮች ተደነገገ። ገደቡ ውኃን ብቻ ሳይሆን ማርን፣ ወጥንና ለስላሳ ቅቤንም ይጨምራል። አንዳንድ የአውሮፓ አየር ማረፊያዎች በአዳዲስ የመመርመሪያ መሣሪያዎች አማካይነት ገደቡን ማላላት ቢጀምሩም፣ መንገደኛው የሚገዛው በሚፈተሽበት አየር ማረፊያ ደንብ ነው።

ዱቄትም ከቁጥጥር ውጭ አይደለም። ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2018 ወዲህ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፤ ምንነቱ ካልተረጋገጠም ወደ አውሮፕላኑ አይገባም። በሶ፣ ሽሮና በርበሬ በዚህ ሥር ይወድቃሉ።

ሁለተኛው ሕግ የሚጠብቀው በመድረሻ አገር ነው። ቅቤውን ወደ ጭነት ሻንጣ ማዛወር የመጀመሪያውን ችግር ቢፈታም ይህን አይፈታም። የአውሮፓ ኅብረት ከአብዛኞቹ የውጭ አገሮች የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። ጭኮም ቅቤ የገባበት በመሆኑ ከጥያቄ አያመልጥም። በአንጻሩ ማር እስከ 2 ኪሎ ግራም ድረስ ይፈቀዳል።

የክልከላው ምክንያት የእንስሳት በሽታ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2001 በአፍተግር በሽታ ሳቢያ ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳትን አስወግዳለች። በ2025 በሽታው በአውሮፓ ዳግም ሲከሰትም፣ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚመጡ መንገደኞች ጭምር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባትን ከልክላለች። ስለሆነም እገዳው በኢትዮጵያውያን ላይ ብቻ የተነጣጠረ አይደለም።

በአሜሪካ ደግሞ ዋናው ግዴታ የያዙትን ምግብ ሁሉ ማሳወቅ ነው። ያሳወቀ መንገደኛ ቢበዛ ምግቡን ያጣል፤ የደበቀ ግን ቅጣት ይጠብቀዋል።

ከዚህ በመነሣት ቆሎን በእጅ ሻንጣ፣ ዱቄትን በሚገባ ታሽጎና ስሙ ተጽፎበት በጭነት ሻንጣ መያዝ፣ ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ደግሞ ቅቤን ከነጭራሹ መተው አዋጪ ነው። ከአሰላ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ በፍተሻ በር የተያዘ ስንቅ ወደ ቤት የሚመለስበት ዕድል ጠባብ ነው። ውሳኔው መወሰድ ያለበት ሻንጣው ከቤት ሳይወጣ ነው።

ጉዳዩ ከመንገደኛው ጥንቃቄ ባሻገር የምርት ጥያቄም ያስነሣል። የአርሲ ገብስ በአሰላ ብቅል ፋብሪካ በኩል ለቢራ ኢንዱስትሪ ግብዓት ሆኗል። በሶና ቆሎም በአግባቡ ታሽገው፣ ይዘታቸው በግልጽ ተጽፎባቸው ቢቀርቡ ፈታሹ ምንነታቸውን ለመለየት አይቸገርም፤ ገበሬውም ተጨማሪ ገበያ ያገኛል። እስከዚያው ድረስ ግን የእናት ስንቅ ካሰበበት እንዲደርስ የሚረዳው፣ ሁለቱን ሕጎች ለይቶ ማወቅ ነው።