ነሐሴ ላይ በር ለምትልጉ

ይድረስ ለእንጨት ሥራ ቤት ባለቤቶች፤

ነሐሴ ላይ በሩ አልዘጋ ይላል። ባለቤቱ ሲደውልላችሁ መላጊያ አስይዛችሁ ልጅ ትልካላችሁ። ልጁ ጠርዙን ልጎ፣ ከፈት ዘጋ አድርጎ አይቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ጥር ሲመጣ በዚያው በርና በመቃኑ መካከል ጣት ያስገባል፤ የተላገ እንጨት ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም። እናንተ ጥገና ትሉታላችሁ፣ እኔ ማበላሸት እለዋለሁ።

እንጨት ቢደርቅም ከአየሩ እርጥበት መውሰዱንና መመለሱን አይተውም። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ በሆነበት ቤት የከረመ ጣውላ የደረቅ ክብደቱን 9 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይረጋል። አየሩ 80 በመቶ ደርሶ ከሰነበተ ውሃው ወደ 16 ይወጣል። በርዝመቱ ለውጡ ከቁጥር አይገባም፤ የሚያብጠውና የሚኮማተረው በጎኑ ነው። ጣውላ በጣውላ ተገጥሞ የተሠራ 80 ሳንቲ ሜትር በር በበጋና በክረምት መካከል ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢለዋወጥ አይግረማችሁ። ታዲያ ነሐሴ ላይ የምትልጉት በሩ መስከረም ካለፈ በኋላ ራሱ የሚመልሰውን ነው።

ይህ እንግዲህ ደረቅ እንጨት ሲሆን ነው። እናንተ ግን እርጥብ ባህር ዛፍ ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ፣ ሁለት ሳምንት ሲሞላው በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጋችሁ «ደርቋል» ትላላችሁ። በጆሮ የሚለካ እርጥበት የለም! ባለ ሁለት መርፌ መለኪያ አለ። እሱ ከሌለ ከጣውላው ወገብ (ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል) ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ መዝኑ፤ በ103 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቃችሁ ድጋሚ መዝኑ። የጎደለውን ለደረቁ ክብደት ብታካፍሉት መልሱ ያው ነው። ሥራችሁ ሰመራ የሚሄድ ከሆነማ ለአዲስ አበባ የሚበቃው ድርቀት እዚያ አይበቃም።

ሌላው ቫርኒሹ ነው። ፊትና ጀርባውን አሳምራችሁ ትቀቡና የላይና የታች ጠርዙን ጥሬውን ትተዉታላችሁ፤ ማን ያየዋል ብላችሁ ይሆናል። ቫርኒሽ እርጥበትን ያዘገያል እንጂ አያግድም፤ ባልተቀባው በኩል ግን ማዘግየቱም የለም። ልጃችሁ የላገውን ጠርዝስ ማን ቀባው?

ስለዚህ በክረምት ስልክ ሲደወል በመጀመሪያ የማጠፊያውን ብሎን እዩ፤ ብዙ ጊዜ በሩ የተንጋደደው እሱ ላልቶ ነው። ብሎኑ ደህና ከሆነ ደንበኛችሁን እስከ ኅዳር ታገሡ በሉት። ያኔም ካልዘጋ ልጉት፣ የላጋችሁትንም በዚያው ቀን ቀቡት። ለአዲስ አበባ በር ስታስረክቡ የለካችሁትን የእርጥበት መጠን ደረሰኙ ላይ ጻፉ። ከ12 በመቶ ብዙ ያለፈውን እኔ አልረከብም፤ ሌላውም ደንበኛ እንዳይረከብ እመክራለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ደንበኛችሁ